የሥርዓት ሞዴል ግንኙነቶችን በዲያግራም ማሳየት፦ የዐሥር ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

ሳምንት 1

በፀሐይ ኃይል ውኃ የሚስብና የታንከሩን ከፍታ የሚቆጣጠር ሥርዓት እየሠራን ነው። የእኔ ድርሻ የሥርዓቱን ሞዴል መያዝና ክፍሎቹ እርስ በርስ እንዴት እንደሚገናኙ ለቡድኑ በዲያግራም ማሳየት ነው። ቡድኑ አራት ሰው ነው፦ የኤሌክትሪክ፣ የመካኒካል እና የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ከእነርሱም ጋር እኔ። ሞዴሉ 14 ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም የፀሐይ ፓነል፣ የቻርጅ መቆጣጠሪያ፣ ባትሪ፣ ባለ 12 ቮልት የኃይል ማከፋፈያ፣ የሞተር ድራይቨር (ለሞተሩ ኃይል የሚሰጥና የሚቆርጥ)፣ ሞተር፣ ፓምፕ፣ ታንከር፣ የውኃ ከፍታ ሴንሰር፣ የፍሰት ሴንሰር፣ ማይክሮኮንትሮለር (ሥርዓቱን የሚመራ ትንሽ ኮምፒውተር)፣ ሞደም፣ አንቴና እና የእጅ ማብሪያ ማጥፊያ ናቸው። የተጻፉት መስፈርቶች 38 ናቸው።

የመጀመሪያውን ዲያግራም በተራ የሥዕል ፕሮግራም ሠራሁት። 14 ሣጥኖችና 23 መስመሮች በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ሰፈሩ፤ 6 ሰዓት ፈጀ። በሦስተኛው ቀን የሁለት ክፍሎች ስም ሲቀየርና አንድ ግንኙነት ሲጨመር ሦስት ገጾችን ማረም ግድ ሆነና ሌላ 4 ሰዓት ሄደ፤ አንዱን ገጽ ማረሙን ደግሞ ረስቼው ስለነበር አሮጌው ስም ለስብሰባ ቀረበ። የሥዕል ፕሮግራሙ የሚያውቀው ቅርጽና መስመርን ብቻ ነው። በገጽ 1 ላይ ያለው ሞደምና በገጽ 3 ላይ ያለው ሞደም አንድ ዕቃ መሆናቸውን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ከዚህ የከፋው ግን በስብሰባው ላይ የታየው ነው። ከማይክሮኮንትሮለሩ ወደ ሞተር ድራይቨሩ የሚሄደውን አንድ መስመር የኤሌክትሪክ ባለሙያው ሽቦ ነው ብሎ አነበበው፣ የሶፍትዌር ባለሙያዋ ትእዛዝ ነው አለች፣ የመካኒካል ባለሙያው ደግሞ ሁለቱ በአንድ ሣጥን ውስጥ ጎን ለጎን እንደሚታሰሩ የሚገልጽ መስሎት ነበር። ለግማሽ ሰዓት ያህል ስለ ሦስት የተለያዩ ነገሮች እየተነጋገርን የተስማማን መስሎን ቆየን። ዓይነቱ ያልተጻፈበት መስመር ከእንግዲህ እንዳይሣል ተወሰነ።

ሳምንት 2

ወደ ሲስኤምኤል ተሻገርን። ይህ የዲያግራም ቋንቋ ሶፍትዌርን ለመግለጽ ከሚያገለግለው ዩኤምኤል የተወሰደና ለሥርዓት ምሕንድስና የተበጀ ሲሆን፣ ኦብጀክት ማኔጅመንት ግሩፕ የተባለው ደረጃ አውጪ ድርጅት የመጀመሪያውን እትም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ዘጠኝ ዓይነት ዲያግራሞች አሉት። ሁሉንም መጠቀም ግዴታ ስላልሆነ እኛ ሦስቱን መረጥን፤ የብሎክ (የክፍል) ፍቺ ዲያግራም ለክፍሎች ዝርዝርና ለዝምድናቸው፣ የውስጥ ብሎክ ዲያግራም ክፍሎቹ በየትኛው ፖርት (መገናኛ ነጥብ) ምን እንደሚለዋወጡ ለማሳየት፣ የመስፈርት ዲያግራም ደግሞ መስፈርቶችን ከክፍሎች ጋር ለማያያዝ።

በመጀመሪያው የብሎክ ፍቺ ዲያግራም ባትሪውን ከኃይል ንኡስ ሥርዓቱም ከውኃ መሳቢያ ንኡስ ሥርዓቱም ጋር በጥቁር አልማዝ አያያዝኩት። ጥቁር አልማዝ የሚቀመጠው በሙሉው አካል በኩል ነው፤ ትርጉሙም ክፍሉ የዚያ አካል ብቻ ነው ማለት ነው። አንድ ክፍል በአንድ ጊዜ የሁለት ባለቤቶች አካል ሊሆን አይችልም። በሥዕሉ ላይ ምንም ስሕተት አይታይም ነበር፤ ከሞዴሉ የክፍሎች ዝርዝር ሲወጣ ግን ሁለት ባትሪ ተቆጠረ። ባትሪውን በኃይል ንኡስ ሥርዓቱ ሥር ብቻ አስቀርቼ፣ በመሳቢያው በኩል ማጣቀሻ አደረግሁት፤ በውስጥ ብሎክ ዲያግራም ላይ ማጣቀሻ የሚታወቀው በተቆራረጠ መስመር በተከበበ ሣጥን ነው። የእርማቱ ጊዜ 2 ሰዓት።

ሳምንት 3

ግንኙነቶቹን ከሥዕል አውጥቼ በሠንጠረዥ ማስቀመጥ ጀመርኩ። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ግንኙነት ሲሆን፣ ዓምዶቹ መነሻ፣ መድረሻ፣ ዓይነት (ኃይል፣ ሲግናል፣ ውኃ፣ መካኒካል)፣ የሚያልፈው ነገር እና ማስረጃ የሚሉ ናቸው። ቀድሞ እንደ አንድ መስመር የተሣሉት በዓይነት ሲለያዩ መስመሮቹ 29 ረድፎች ሆኑ። ሠንጠረዡ በሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ በተለዩበት ተራ ጽሑፍ) ፋይል ይቀመጣል፤ በፓይዘን የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ አጭር ስክሪፕት እያነበበ ወደ ግራፍቪዝ ቋንቋ ይለውጠዋል፤ ሣጥንና መስመርን በራሱ የሚደረድረው ግራፍቪዝ የተባለው ፕሮግራም ሥዕሉን ያወጣል። ስክሪፕቱን መጻፍ አንድ ሙሉ ቀን ወስዷል፤ ከዚያ በኋላ ግን አዲስ ሥዕል ለማውጣት ጥቂት ሰከንድ ይበቃል።

የግራፍቪዝ ዋናው የአደራደር ዘዴ ሣጥኖቹን በደረጃ ይከፍልና በየደረጃው ያሉትን እያቀያየረ የሚሻገሩ መስመሮችን ለመቀነስ ይሞክራል፤ ሱጊያማና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ያቀረቡት አካሄድ ነው። መስመሮች መሻገራቸው ለዓይን አለማማሩ ብቻ አይደለም ችግሩ። ሄለን ፐርቼዝ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣችው ጥናት፣ ከተለያዩ የአደራደር መመዘኛዎች መካከል የሰውን መረዳት አብልጦ የሚጎዳው የመስመሮች መሻገር መሆኑን አሳይታለች። በእኛ ሥዕል ላይ ቆጥሬ 9 መሻገሪያዎች አገኘሁ።

ለመቀነስ ከግራፍቪዝ ጋር የሚመጣውን ቲሬድ የተባለውን ትንሽ ፕሮግራም ሞከርኩ። ይህ ፕሮግራም ከሀ ወደ ለ እና ከለ ወደ ሐ መስመር ካለ፣ ከሀ በቀጥታ ወደ ሐ የሚሄደውን መስመር አላስፈላጊ ነው ብሎ ያስወግዳል። ዑደት ሲያጋጥመው ማስጠንቀቂያ ስለሚሰጥ ወደ ኋላ የሚመለሱትን 4 መስመሮች (ከታንከር ወደ ከፍታ ሴንሰር፣ ከፓምፕ ወደ ፍሰት ሴንሰር፣ ከሞደም ወደ ማይክሮኮንትሮለር፣ ከባትሪ ወደ ቻርጅ መቆጣጠሪያ) አስቀድሜ አወጣሁ። ከቀሩት 25 መስመሮች 14 ብቻ ተረፉ፤ አንድም መሻገሪያ አልቀረም። ርእሱን «የክፍሎች ጥገኝነት» ብዬ ለቡድኑ ሰጠሁ። ሁሉም ወደዱት፤ በግድግዳ ላይም ተለጠፈ።

ሳምንት 4

ሠንጠረዡ ላይ አንድ ረድፍ በተጨመረ ቁጥር ግራፍቪዝ ሁሉንም ሣጥን እንደ አዲስ ይደረድራል። ትናንት በግራ የነበረው ባትሪ ዛሬ ከታች ይገኛል። ሰዎች ሥዕልን የሚያስታውሱት በቦታ ስለሆነ፣ በየስብሰባው የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ደቂቃዎች ሣጥን በመፈለግ ይጠፉ ነበር። የየሣጥኑን ቦታ በሌላ ፋይል መዝግቤ፣ የተወሰነ ቦታን በሚያከብረው ኒቶ በተባለው የግራፍቪዝ ክፍል ማውጣት ጀመርኩ። አንዳንድ መስመሮች ቀድሞ ከነበሩት ይበልጥ ይሻገራሉ፤ ሆኖም ማንም ቅሬታ አላቀረበም። ቦታው የማይለዋወጥ ሥዕል፣ በየቀኑ ከሚለዋወጥ የጠራ ሥዕል ይሻላል የሚል እምነት አለኝ።

የግንኙነት ዓይነቶችን በቀይና በአረንጓዴ ለይቼ ነበር። ከባልደረቦቼ አንዱ ሁለቱን ቀለማት መለየት እንደሚቸገር የነገረኝ በዚህ ሳምንት ነው፤ ለሦስት ሳምንታት ዝም ብሎ ሲገምት ቆይቷል። አሁን ኃይል ወፍራም መስመር፣ ሲግናል ቀጭን፣ ውኃ ድርብ፣ መካኒካል ነጠብጣብ ነው፤ ቀለም ተጨማሪ ምልክት ብቻ ሆኗል።

ሳምንት 5

መስፈርቶቹ ተራ ደረሳቸው። 38 መስፈርቶችን ከ14 ክፍሎች ጋር በመስመር ሳያይዛቸው የወጣው ሥዕል የተጠላለፈ ክር መሰለ፤ አሥር ደቂቃም ሳንመለከተው ተውነው። በምትኩ መስፈርቶቹን በረድፍ፣ ክፍሎቹን በዓምድ አድርጌ በስፕሬድሺት ማትሪክስ ሠራሁ። 532 ሕዋሶች ያሉት ሠንጠረዥ ለዓይን አይማርክም፤ በመስመር ሥዕል ላይ ፈጽሞ ያልታየንን ነገር ግን ወዲያው አሳየን። ሦስት ረድፎች ባዶ ነበሩ፤ ይህም ማለት ሦስት መስፈርቶችን የሚያሟላ ክፍል አልነበረም። አንድ ዓምድም ባዶ ነበር፤ እርሱም የእጅ ማብሪያ ማጥፊያው ነው። ማንም በመስፈርት አልጠየቀውም። የኤሌክትሪክ ባለሙያው ያስገባው ማይክሮኮንትሮለሩ ቢበላሽ እንኳ ፓምፑን በእጅ ማስነሳት እንዲቻል ነበር፤ ሐሳቡ ትክክል ስለነበረ ማብሪያውን ከማውጣት ይልቅ የጎደለውን መስፈርት ጻፍን፤ ቁጥራቸው 39 ሆነ። በመስመር ሥዕል ላይ የሌለ ግንኙነት ምንም ምልክት የለውም። በማትሪክስ ላይ ግን ባዶ ቦታ ሆኖ ይታያል፤ ለምን ባዶ ሆነ ብሎ መጠየቅም ይቻላል።

ሌላው ሥራ አንድ መስፈርት ሲለወጥ የሚነኩትን ክፍሎች የሚዘረዝር ስክሪፕት መጻፍ ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ ለየትኛውም መስፈርት «የሚነካ ክፍል የለም» የሚል መልስ ሰጠ። ጥፋቱን ለማግኘት 3 ሰዓት ፈጅቶብኛል። በሲስኤምኤል «ያሟላል» የሚለው ቀስት ከክፍሉ ተነሥቶ ወደ መስፈርቱ ያመለክታል፤ «ይመነጫል» የሚለውም ከተወላጁ መስፈርት ወደ ምንጩ ያመለክታል። ቀስቱ ጥገኛው በማን ላይ እንደተደገፈ ይናገራል እንጂ ለውጥ ወዴት እንደሚፈስ አይናገርም። የለውጥን ተጽዕኖ ለማግኘት በቀስቶቹ ላይ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል፤ የእኔ ስክሪፕት ወደ ፊት ይሄድ ነበር። በሥዕሎቹ ግርጌ ሁሉ ይህን የሚያስረዳ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፤ ከእኔ ሌላ ሁለት ሰዎችም ቀስቱን በተቃራኒው ሲያነቡ እንደነበር ያኔ ነገሩኝ።

ሳምንት 6

የመጀመሪያው የጠረጴዛ ላይ ሙከራ ተካሄደ። ፓምፑን 20 ጊዜ አስነሳን፤ 13 ጊዜ ማይክሮኮንትሮለሩ ሪስታርት አደረገ። ሪስታርት ሲያደርግ ለድራይቨሩ የሚሰጠው ትእዛዝ ይቋረጣል፣ ፓምፑ ይቆማል፣ ማይክሮኮንትሮለሩ ተመልሶ ሲነሣ የታንከሩን ውኃ ማነስ አይቶ ፓምፑን እንደገና ያስነሳል፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

ሁለት ቀን በሶፍትዌሩ ውስጥ ስንፈልግ ቆየን። የሶፍትዌር ባለሙያዋ የትእዛዝ ኮዱን ሁለት ጊዜ ደግማ ጻፈችው። በመልቲሜትር ስንለካ የማከፋፈያው ቮልቴጅ ደህና ይመስል ነበር። በሦስተኛው ቀን የቮልቴጅን ፈጣን ለውጥ በሥዕል የሚያሳየውን ኦሲሎስኮፕ ስንጠቀም ግን ፓምፑ በሚነሣበት ቅጽበት 12 ቮልቱ ለ70 ሚሊሰከንድ ያህል ወደ 8.1 እንደሚወርድ ታየ። መልቲሜትር ለእንዲህ ያለ አጭር ክስተት በጣም ዘገምተኛ ነው። የማይክሮኮንትሮለሩ የቮልቴጅ መቀየሪያ ከ9 ቮልት በታች ስለማይሠራ ማይክሮኮንትሮለሩ ኃይል ያጣል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ የቆመ ሞተር ሲሽከረከር የሚፈጥረውን ተቃራኒ ቮልቴጅ ገና ስላልፈጠረ፣ በሚነሣበት ጊዜ የሚስበውን ከረንት የሚገድበው የጥቅልል ሽቦው ሬዚስታንስ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህም ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ይስባል።

የኤሌክትሪክ ባለሙያው ድራይቨሩ ሞተሩን በ2 ሰከንድ ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲያስነሳው አደረገ፤ በማይክሮኮንትሮለሩ መግቢያም ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዳዮድና ኃይል የሚያቆይ ካፓሲተር ጨመረ። ከዚያ በኋላ ዝቅተኛው ቮልቴጅ 11.2 ሆነ፤ በ40 ማስነሻ አንድም ሪስታርት አልታየም።

ጥገናው ግማሽ ቀን ነው፤ ፍለጋው ግን የሦስት ሰዎች ሦስት ቀን ነው። ድራይቨሩና ማይክሮኮንትሮለሩ ከአንድ ማከፋፈያ እንደሚመገቡ በሠንጠረዡ ውስጥ ከሳምንት 3 ጀምሮ ተጽፎ ነበር። በግድግዳው ላይ በለጠፍነው ሥዕል ላይ ግን አልነበረም።

ሳምንት 7

ሥዕሉን ከግድግዳ አውርጄ ከሠንጠረዡ ጋር ረድፍ በረድፍ አመሳከርኩት። ከማከፋፈያው አምስት የኃይል መስመሮች ይወጣሉ፦ ወደ ድራይቨሩ፣ ወደ ማይክሮኮንትሮለሩ፣ ወደ ሞደሙ፣ ወደ ከፍታ ሴንሰሩ እና ወደ ፍሰት ሴንሰሩ። በሥዕሉ ላይ ሁለቱ የሴንሰሮች መስመሮች ብቻ ቀርተዋል። ቲሬድ ያደረገው ግልጽ ነው፤ ከማከፋፈያ ወደ ሴንሰር የኃይል መስመር አለ፣ ከሴንሰር ወደ ማይክሮኮንትሮለር የሲግናል መስመር አለ፣ ስለዚህ ከማከፋፈያ ወደ ማይክሮኮንትሮለር በቀጥታ የሚሄደው «አላስፈላጊ» ነው ብሎ አስወገደው። ከማይክሮኮንትሮለሩ ወደ ድራይቨሩና ወደ ሞደሙ ትእዛዝ ስለሚሄድ፣ የእነርሱም የኃይል መስመር በዚያው መንገድ ጠፋ። ፕሮግራሙ የተሠራበትን ሥራ በትክክል ሠርቷል። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ዓይነታቸው የተለያየ መስመሮችን አንድ ላይ አድርጌ፣ አንዱ በሌላው ሊተካ የሚችል ይመስል ሰጠሁት። በሴንሰር ሲግናል በኩል 12 ቮልት አይተላለፍም።

በዚሁ ምርመራ ሌላ የጠፋ መስመር አገኘሁ፤ ከእጅ ማብሪያው በቀጥታ ወደ ድራይቨሩ የሚሄደውን። ማብሪያው ለማይክሮኮንትሮለሩም ሲግናል ስለሚሰጥ ቀጥታው መስመር ተደራራቢ ተብሎ ወጥቷል። የዚያ መስመር ዓላማ ግን ማይክሮኮንትሮለሩን አልፎ መሄድ ነው፤ በሥዕሉ መሠረት ማይክሮኮንትሮለሩ ሲበላሽ የእጅ ማብሪያውም ከጥቅም ውጭ ይሆናል ማለት ነበር። ግንኙነቶቹ አንድ ዓይነት ቢሆኑም እንኳ መጠባበቂያ መንገድን የሚሰርዝ ማቅለያ መጠቀም ስለሌለብን ቲሬድን ከስክሪፕቱ ሙሉ በሙሉ አወጣሁት።

በምትኩ የኤን ስኩዌር ቻርት ሠራሁ። ይህ ዘዴ ቲአርደብልዩ በተባለው ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሮበርት ላኖ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያመጣው ነው። 14ቱ ክፍሎች በሰያፍ መስመር ላይ ይቀመጣሉ፤ ከአንድ ክፍል የሚወጣው ሁሉ በረድፉ ላይ፣ ወደ እርሱ የሚገባው ሁሉ በዓምዱ ላይ ይጻፋል። 14 በ14 ሲባዛ 196 ነው፤ ከሰያፉ ውጭ 182 ሕዋሶች ይኖራሉ። ከእነዚህ የእኛ 29 ግንኙነቶች 25ቱን ሞሉ (በአንዳንዱ ሕዋስ ሁለት ዓይነት ግንኙነት ስላለ ነው)፤ 157ቱ ባዶ ናቸው። የማከፋፈያው ረድፍ ላይ አምስት የኃይል ምልክቶች ተሰልፈው ሲታዩ፣ አንዱ ተጠቃሚ ሌላውን ይረብሽ ይሆን ወይ የሚለው ጥያቄ ሳይጠራ ይመጣል። የኤሌክትሪክ ባለሙያው ቻርቱን ባየበት ቅጽበት ጣቱን ያሳረፈው በዚያ ረድፍ ላይ ነው።

ከዚያም አራታችን ተቀምጠን 157ቱን ባዶ ሕዋሶች አንድ በአንድ አለፍናቸው። 2 ሰዓት ተኩል ወሰደ። አብዛኛው «የለም» ተብሎ በሰከንድ ታለፈ። በስድስቱ ላይ ግን «መኖር አለበት» ወይም «እርግጠኛ አይደለሁም» የሚል መልስ መጣ፤ ከነዚህም አንዱ ከሞተሩ ወደ ፍሰት ሴንሰሩ የሚሄድ ንዝረት ነው። ማንም ነዳፊ ሆን ብሎ ያላስገባው ግንኙነት ስለሆነ በዲያግራም ላይ ለመሣል ያሰበ አልነበረም። በሠንጠረዡ ላይ «ያልታሰበ ተጽዕኖ» የሚል አምስተኛ ዓይነት ጨመርን።

ሳምንት 8

የማከፋፈያው ጉዳይ ሌላ ነገር አሳሰበኝ። በድራይቨሩና በማይክሮኮንትሮለሩ መካከል ያለው የኃይል ትስስር በኤን ስኩዌር ቻርቱም ላይ በራሱ ሕዋስ አልተጻፈም፤ ሁለት ምልክቶችን አገናኝቶ ማንበብ ይጠይቃል። ክፍሎቹ ሲበዙ ዓይን ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ ማትሪክስ ግን ይችላል። የግንኙነት ማትሪክስን በራሱ ሲያባዙት እያንዳንዱ ሕዋስ በሁለት እርምጃ የሚደረስባቸውን መንገዶች ቁጥር ይሰጣል። የእኔ ጥያቄ ጋራ ምንጭን የሚመለከት ስለነበር የኃይል ግንኙነቶቹን ብቻ ለይቼ፣ ረድፍና ዓምዱን የተገለበጠውን ማትሪክስ በዋናው አባዛሁት። ውጤቱ የትኞቹ ሁለት ክፍሎች ስንት የጋራ የኃይል ምንጭ እንዳላቸው ይናገራል። በፓይዘን የአንድ መስመር ሥራ ነው።

ከማከፋፈያው የሚመገቡት አምስቱ ክፍሎች 10 ጥንዶች ይሆናሉ። አሥሩንም ለየብቻ በሥዕል አውጥቼ «አንዱ በድንገት ብዙ ከረንት ቢስብ ሌላው ምን ይሆናል?» ብለን ጠየቅን። ሰባቱ አያሰጉም ተባለ። ከቀሩት ሦስቱ ድራይቨርና ማይክሮኮንትሮለር ቀድሞ የደረሰብን ነው፤ ድራይቨርና ሞደም በዚያው ጥገና ተፈትቷል። ሦስተኛው ሞደምና የከፍታ ሴንሰር ነው። ሞደሙ የጂኤስኤም (የሞባይል ስልክ ኔትወርክ) ስለሆነ ሲያስተላልፍ ከረንት የሚስበው በቁርጥራጭ ነው፤ በ4.615 ሚሊሰከንዱ አንዴ ለ577 ማይክሮሰከንድ ያህል፣ እስከ 2 አምፔር ድረስ። የከፍታ ሴንሰሩ ደግሞ የሚሰጠው አናሎግ ቮልቴጅ ስለሆነ የኃይል ምንጩ ሲናወጥ ንባቡም ሊናወጥ ይችላል።

በማግሥቱ ሞከርነው። ሞደሙ መልእክት በሚልክበት ጊዜ የታንከሩ ንባብ ወደ 4 ሴንቲሜትር ያህል ይዘላል። እስከ አሁን ይህ የውኃው መናወጥ ነው ተብሎ በሶፍትዌር ማለስለሻ ሲሸፈን ነበር። ለሴንሰሩ ለብቻው የቮልቴጅ ማረጋጊያ ተደረገለት፤ በሚላክበት ጊዜም ንባብ እንዳይወሰድ በኮዱ ተጻፈ። ከዚህ ቀደም ያገኘናቸው ችግሮች ሁሉ በሙከራ ከተበላሸ ዕቃ ተነሥተው ወደ ሞዴሉ የሄዱ ናቸው፤ ይህኛው ከሞዴሉ ተነሥቶ ወደ ጠረጴዛው የሄደ የመጀመሪያው ነው። በጣም ደስ ብሎኛል።

ሳምንት 9

ዶናልድ ስቱዋርድ እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀውን የንድፍ መዋቅር ማትሪክስ ለመሞከር ፈለግሁ። ሐሳቡ ረድፍና ዓምዱን አብሮ እያቀያየሩ እርስ በርስ በብዛት የሚገናኙትን ክፍሎች ጎን ለጎን ማምጣት ነው። የመካኒካል ባለሙያው የራሱን ክፍሎች ማትሪክስ በዚሁ መልክ ሠርቶ ስለነበር ሁለቱን አዋሐድኩ። ውጤቱ ፓምፑ ለባትሪው ኃይል ሲሰጥ አሳየ። የእኔ ማትሪክስ እንደ ኤን ስኩዌር ቻርቱ የሚወጣውን በረድፍ ያነብባል፤ የእርሱ ግን የሚገባውን በረድፍ ያነብባል። ሁለቱም አነባበቦች በዘርፉ ይሠራባቸዋል፤ ከማትሪክሱ ራሱ ግን የትኛው እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። ግማሽ ቀን ጠፋ። አሁን በየማትሪክሱ የላይኛው ግራ ጥግ ላይ «ከረድፍ ወደ ዓምድ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ስክሪፕቱም ይህን ጽሑፍ ካላገኘ ፋይሉን አይቀበልም።

ቡድን የመመሥረቱ ውጤት መካከለኛ ነበር። ሞተር፣ ፓምፕና ታንከር አንድ ላይ መጡ፤ ይህን ያለ ማትሪክስም እናውቃለን። ማይክሮኮንትሮለሩና ማከፋፈያው ከሁሉም ጋር ስለሚገናኙ የትም ቡድን ውስጥ አልገባ አሉ፤ እነርሱን ለብቻ በጠርዝ አስቀምጬ ስሠራው ነው የቀረው ቅርጽ የያዘው። 14 ክፍል ላለው ሥርዓት ይህ ዘዴ የደከሙበትን ያህል አይመልስም።

ሳምንት 10

አንድ ሁሉን የሚያሳይ ሥዕል መሥራትን ትተናል። አሁን እያንዳንዱ ዲያግራም የሚወጣው ለአንድ ጥያቄ ነው፤ ርእሱም ጥያቄው ራሱ ነው፦ «ከማከፋፈያው የሚመገበው ማን ነው?»፣ «ማይክሮኮንትሮለሩ ቢቆም ምን ይሠራል?»፣ «መስፈርት 12 ቢለወጥ ማን ይነካል?»። የሥርዓትን ተግባራት በሥዕል ለመግለጽ የወጣው የአይዴፍ-ዜሮ ደንብ በአንድ ዲያግራም ላይ ከሦስት እስከ ስድስት ሣጥን ብቻ እንዲኖር ያዝዛል። እኛ እስከ ዘጠኝ ፈቅደናል፤ ከዚያ ሲያልፍ ስክሪፕቱ ያስጠነቅቃል። በሥዕሉ ላይ ሆን ተብሎ የተተወ ግንኙነት ካለ፣ በግርጌ «ያልታዩ ግንኙነቶች፦ 11» የሚል ቁጥር በራሱ ይጻፋል። ያ ቁጥር በሳምንት 3 ሥዕል ላይ ቢኖር ኖሮ አንድ ሰው ይጠይቅ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሠንጠረዡና ስክሪፕቱ የፋይል ለውጦችን በሚመዘግበው ጊት በተባለው ፕሮግራም ተቀምጠዋል። አንድ ሰው ግንኙነት ሲጨምር ወይም ሲሰርዝ የተለወጠው ረድፍ ብቻ ተለይቶ ይታያል፤ ሥዕሎቹም ያኔውኑ እንደ አዲስ ይወጣሉ። በእጅ የተሣለ ዲያግራም ከእንግዲህ በስብሰባ ላይ አይቀርብም፤ በሰሌዳ ላይ ለውይይት የሚሣል ግን አይከለከልም፤ ስብሰባው ሲያበቃ ወደ ሠንጠረዡ ካልገባ ይጠፋል።

እስከ አሁን ለሞዴሉና ለዲያግራሞቹ 96 ሰዓት ያህል አውጥቻለሁ፤ ከዚህ ውስጥ 31ዱ በሥዕል ፕሮግራም በእጅ ለመሣልና ለማረም፣ እንዲሁም ቲሬድ ያመጣውን ጥፋት ለማስተካከል የሄደ ነው።

ሲስኤምኤል 2 እ.ኤ.አ. በ2025 የጸደቀ ሲሆን ከሥዕላዊው ጎን ለጎን በጽሑፍ የሚጻፍ መልክ አለው። የእኛ ሠንጠረዥ የሚያደርገውን በመደበኛ ቋንቋ ማድረግ ስለሚያስችል፣ የኃይል ንኡስ ሥርዓቱን አራት ክፍሎች ለሙከራ በዚያ ጻፍኳቸው፤ የክፍሎቹና የፖርቶቹ አጻጻፍ ቀላል ሆኖ አገኘሁት። «ያልታሰበ ተጽዕኖ» ያልነውን ዓይነት በምን መልክ እንደምጽፈው ገና አልወሰንኩም፤ ፖርት የሌለውን ነገር በፖርት ማገናኘት አልፈለግሁም። በሳምንት 7 ከተገኙት ስድስት አጠራጣሪ ሕዋሶች አራቱ ተዘግተዋል። የቀሩት ሁለቱ፣ ከሞተሩ ወደ ፍሰት ሴንሰሩ የሚሄደው ንዝረትና ከአንቴናው ወደ ከፍታ ሴንሰሩ ሽቦ ሊገባ የሚችለው የሬዲዮ ጣልቃ ገብነት፣ በቻርቱ ላይ የጥያቄ ምልክት ይዘው ተቀምጠዋል። የንዝረት መለኪያው ማክሰኞ በፓምፑ መቀመጫ ላይ ይታሰራል።